ዋተር ሂተራችሁ ጭሱን በየት ነው የሚያወጣው?

[ምስል፦ ቤዝመንት። ከፈርነሱ (ከቤት ማሞቂያው) ጎን የቆመ ነጭ ታንክ። ከአናቱ የቆርቆሮ ቱቦ ወጥቶ ከፍ እያለ ወደ ግድግዳው ይሄዳል።]

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ቤዝመንት እንወርዳለን። እዚያ ጥግ ላይ ቤተሰቡ በሙሉ የሚታጠብበትን ውኃ የሚያሞቅ ታንክ አለ። ካልተበላሸ በቀር ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አገር ቤት ቦይለር የምንለው መሆኑ ነው፤ እዚህ ግን ብዙ ቤት ውስጥ በጋዝ ነው የሚሠራው። ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ታውንሃውስ የገዛችሁ፣ ወይም የሰው ቤዝመንት የተከራያችሁ፣ ወሬው እናንተን ይመለከታል።

ጋዝ ሲባል ሰው ቶሎ የሚፈራው ፍንዳታን ነው። መፍራቱም ደግ ነው። ግን ጋዝ ሲያፈስ ቢያንስ ይሸታል። ያ የገማ እንቁላል የሚመስል ሽታ የጋዙ የራሱ አይደለም፤ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። በ1937 ቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በምትባል ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ሽታ በሌለው ጋዝ ፈንድቶ 300 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ጋዝ ላይ ሽታ መጨመር ግዴታ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋዙ ከተቃጠለ በኋላ የሚወጣው ጭስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሳቱ በደንብ ካልነደደ፣ ወይም ጭሱ መውጫ ካጣ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ይቀራል። አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። እኛ ደግሞ ይህን ጋዝ በደንብ እናውቀዋለን። በብርድ ከሰል አቀጣጥለው፣ በር ዘግተው ተኝተው፣ ጠዋት ስላልተነሱ ሰዎች ያልሰማ ሐበሻ የለም። ያው ራሱ ጋዝ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ከጋዙ ይልቅ ስለ ጭሱ ብዙ የማወራው።

[ምስል፦ ታንኩ ለሁለት ተሰንጥቆ ሲታይ። ከታች ሰማያዊ ነበልባል፣ መሐሉን ሰንጥቆ የሚወጣ ቱቦ።]

አሠራሩ ቀላል ነው። ቀዝቃዛው ውኃ በረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ታንኩ ሥር ይወርዳል። ከሥሩ እሳት ይነድዳል። የእሳቱ ጭስ ታንኩን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ በሚያልፍ ቱቦ ይወጣና አናቱ ላይ ካለችው ቆብ ይደርሳል። ቆቧ በሦስትና በአራት እግር ቆማ ከሥሯ ክፍት ናት። ከዚያ ጭሱ በቆርቆሮው ቱቦ አድርጎ ወደ ጣሪያ ይሄዳል። የሚገፋው ፋን የለም። ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ብቻ ነው የሚሄደው። ታንካችሁ ከላይ ሞተር ያለውና በነጭ ፕላስቲክ ቱቦ የሚያወጣ ከሆነ ሌላ ዓይነት ነው፤ ስለ ቆቧ የምነግራችሁ እሱን አይመለከትም።

አሁን ወደ ቆቧ ቀረብ በሉ። ባትሪ አብሩባት።

[ምስል፦ የቆቧ ዙሪያ በቅርበት። የቀለጠች ቀይ የፕላስቲክ ቀለበት።]

በስተግራና በስተቀኝ ሁለት የውኃ ቧንቧዎች አሉ። ሥራቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ የፕላስቲክ ቀለበት አለ፤ ሙቅና ቀዝቃዛውን ለመለየት ነው። ቀለበቷ ቀልጣ ወይም ተኮማትራ ካያችኋት ያ ጭስ ሽቅብ መውጣቱን ትቶ ወደ ቤት ተመልሷል ማለት ነው። ታንኩ አናት ላይ ዝገት፣ ቆቧ አፍ ላይ ጥላሸት ካለም እንደዚያው። እኔ የማላውቀው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው እነዚያን ቀለበቶች ነው። አይዋሹም።

ቀለበቱ ደህና ቢሆንም አንድ ሙከራ አድርጉ። የቤቱን መስኮትና የውጭ በር ዝጉ። የልብስ ማድረቂያውን፣ የሻወር ቤቱን ፋን፣ የምድጃውን ጭስ መሳቢያ ሁሉንም አብሩ። እነዚህ በሙሉ ከቤት አየር ስበው ወደ ውጭ ይጥላሉ፤ ቤቱም የጎደለበትን አየር በጭስ ቱቦው በኩል መልሶ ሊስብ ይችላል። ከዚያ ሙቅ ውኃ ክፈቱና እሳቱ እስኪነሳ ጠብቁ። አምስት ደቂቃ ያህል ከነደደ በኋላ ክብሪት ለኩሱና እፍ ብላችሁ አጥፉት፤ ጭሱን ወደ ቆቧ አፍ አስጠጉት። የዕጣን እንጨትም ይሆናል፤ እሱ መቼም ከሐበሻ ቤት አይጠፋም። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደግ። ወደ ፊታችሁ ከተመለሰ ሂተሩን አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ባለሙያ ጥሩ። ጋዝ ጋዝ የሚሸት ከሆነ ግን ሙከራውን አትሞክሩት። ክብሪት አይነካም፣ መብራት አይበራም፣ አይጠፋም። ሁሉም ሰው ይውጣ፤ ስልክ የሚደወለው ከውጭ ነው፣ ለ911 ወይም ለጋዝ ኩባንያው።

ጭስ ለምን ይመለሳል? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ወፍ ጎጆ ሠርታበትም ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ግን ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ።

አንደኛው አዲስ ፈርነስ ነው። ድሮ ፈርነሱና ሂተሩ በአንድ የጡብ ጭስ ማውጫ ነበር የሚወጡት። ፈርነሱ በአዲስ ሲቀየር፣ ቆጣቢ የሚባለው ዓይነት ጭሱን በፕላስቲክ ቱቦ በጎን ግድግዳ ያስወጣል። ሂተሩ ያን ሰፊ ማውጫ ብቻውን ይወርሳል። የእሱ ትንሽ ጭስ ሰፊውን ጡብ ማሞቅ ያቅተዋል፤ መንገድ ላይ ይቀዘቅዝና ይመለሳል። እርጥበቱም ጡቡን ከውስጥ ይበላዋል። መፍትሔው በማውጫው ውስጥ ጠበብ ያለ የብረት ቱቦ ማስገባት ነው፤ ላይነር ይሉታል። ፈርነስ የሚቀይርላችሁ ሰው ይህን ሳያነሳ ዋጋ ከሰጣችሁ፣ እናንተ አንሱበት።

ሁለተኛው ቤዝመንት ማሠራት ነው። ሞርጌጁ ከበደ፣ ወይም አንድ ዘመድ ከአገር ቤት መጣ፣ ቤዝመንቱ ክፍል ይከፈልለት ይባላል። ፈርነስና ሂተሩ ዓይን ስለማይሞላ በድራይዎል ይታጠርና ድፍን በር ይገጠምበታል። ያምራል። ግን እሳት ያለ አየር አይነድም። ደንቡ ለእያንዳንዱ 1,000 ቢቲዩ (እሳቱ በሰዓት የሚሰጠው ሙቀት መለኪያ ነው) 50 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይላል። የተለመደው ሂተር 40,000 ቢቲዩ ነው፤ ስለዚህ 2,000 ኪዩቢክ ጫማ ይፈልጋል። ጣሪያው 8 ጫማ ከሆነ፣ ወለሉ 250 ካሬ ጫማ መሆን አለበት ማለት ነው። ይህ ለሂተሩ ብቻ ነው፤ ፈርነሱም ከክፍሉ አየር የሚስብ ከሆነ የእሱ ይደመርበታል። እናንተ ያጠራችሁት ቁም ሣጥን የምታህል ክፍል ናት።

[ምስል፦ ከላይና ከታች የአየር መግቢያ ያለው በር።]

ስለዚህ አየር ማስገቢያ ይበጅለት፤ አንዱ ከላይ ጣሪያው ሥር፣ ሌላው ከታች ወለሉ አጠገብ። እያንዳንዱ ቢያንስ 100 ካሬ ኢንች አየር የሚያሳልፍ፣ ቢቲዩው ከበዛ ደግሞ የበለጠ። ልብ በሉ፣ የእንጨት ፍርግርግ አብዛኛውን ቀዳዳ ራሱ ይሸፍነዋል፤ የብረቱ ይሻላል። ከግድግዳው ማዶ ያለው ቦታም በቂ አየር ከሌለው አየሩ ከውጭ መምጣት አለበት። ከዚያ ክፍል አጠገብ የሚተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ገና የመጣው ልጅ ነው። ራሴን አመመኝ ሲል ብርዱ ነው፣ የሥራ ድካም ነው ይባላል።

ወደ ተከላው። አዲስ ሂተር ሲገጠም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ላላችሁ የቧንቧና የጋዝ ፈቃድ የሚሰጠው የውኃ መሥሪያ ቤቱ፣ ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ ዋተር ነው። «ፈቃድ ምን ያደርጋል፣ እኔ በግማሽ ዋጋ እገጥምልሃለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ፈቃድ ማለት ሥራውን ሌላ ዓይን መጥቶ ያየዋል ማለት ነው። እኔ በዚህ አልደራደርም፤ የጋዝ መስመር የሰፈር ልጅ የሚለማመድበት ሥራ አይደለም።

እናንተ ግን ሠራተኛው ሲጨርስ አጠገቡ ቁሙ። የጋዝ መገጣጠሚያውን ሁሉ በሳሙና ውኃ ይቀባው፤ አረፋ ካበጠ ያፈሳል። ጋዙ የሚገባበት ቱቦ ላይ ወደ ታች የተንጠለጠለች አጭር የተደፈነች ቧንቧ መኖሯን እዩ፤ ቆሻሻ እሳቱ ወደሚነድበት በርነር እንዳይገባ የምትይዝ ናት። አሮጌውን ተጣጣፊ የጋዝ ቱቦ መልሶ እንዳይጠቀምበት። የጭስ ቱቦው በየአንድ ጫማው ቢያንስ ሩብ ኢንች ከፍ እያለ ይሂድ፤ በየመገጣጠሚያው በብሎን ይታሰር። በቴፕ የተጠቀለለ ካያችሁ አትረከቡት።

[ምስል፦ ከታንኩ ጎን የነሐስ ቫልቭ፣ ትንሽ እጀታ፣ ወደ ታች የሚወርድ ቧንቧ።]

ይቺን ቫልቭ ደግሞ በደንብ ተዋወቋት። የውኃው ሙቀት 210 ፋረንሃይት ከደረሰ ወይም ግፊቱ 150 ፒኤስአይ ከሆነ ራሷ ትከፈታለች። ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ እሳቱ አልጠፋም እንበል። ታንክ ውስጥ ያለ ውኃ በግፊት ስለታፈነ 212 ላይ አይፈላም፤ መሞቁን ይቀጥላል። ታንኩ ሲቀደድ ከውኃው ከፊሉ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት የሆነው ደግሞ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ታንኩ ወለል ሰብሮ ወደ ላይ የሚወነጨፈው እንደዚያ ነው። ከቫልቯ የሚወርደው ቧንቧ እስከ ወለሉ ይድረስ፣ ከወለል ከ6 ኢንች በላይ ከፍ አይበል፣ ጫፉም ክፍት ይሁን። «ውኃ እያንጠባጠበች አስቸገረችን» ብለው ጫፉን በክዳን የሚደፍኑ አሉ። ይህ ቦምብ መሥራት ነው። ካንጠባጠበች ወይ ቫልቯ አርጅታለች፣ ወይ የቤቱ ግፊት በዝቷል። ሁለቱም መላ አለው፤ መድፈን ግን የለም።

በራሳችሁ የምትሠሩት ጥገና አለ። በዓመት አንዴ ታንኩን ማጠብ። ውኃው ውስጥ ያለው ኖራ ማንቆርቆሪያ ሥር እንደሚጋገረው እዚህም ሥሩ ላይ ይጋገራል፤ ሂተሩ ሲነድ ጠሽ ጠሽ፣ ኳ ኳ የሚለው ለዚህ ነው። የጋዙን መዞሪያ ወደ ፓይለት (ትንሿ ማቀጣጠያ እሳት ብቻ ወደምትቀርበት) መልሱት። ውኃው እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ሰዓት ስጡት፤ በዚህ አትቸኩሉ። የቀዝቃዛውን ውኃ መግቢያ ዝጉ፣ የአትክልት ጎማ ከታች ካለው ማፍሰሻ ጋር አገናኙ፣ ፎቅ ላይ አንድ የሙቅ ውኃ ቧንቧ ክፈቱ፣ ከዚያ ልቀቁት። ሲያልቅ ቀዝቃዛውን ለጥቂት ሰከንድ እየከፈታችሁ ሥሩ ያለውን አሸዋ አስወጡ፣ ውኃው ጥርት እስኪል። ማፍሰሻውን ዝጉና ሙሉት። ፎቅ የከፈታችሁት ቧንቧ አየር መትፋቱን ትቶ ቀጥ ብሎ እስኪወርድ ድረስ እሳቱን አታንሱ። ሂተሩ አሥር ዓመት አልፎት አንድም ቀን ታጥቦ የማያውቅ ከሆነ ግን ተዉት፤ የፕላስቲክ ማፍሰሻው ከተከፈተ በኋላ አልዘጋም ሊል ይችላል።

ሙቀቱን 120 ፋረንሃይት ላይ አድርጉ። በ140 ውኃ ሰው ለመቃጠል 5 ሰከንድ ይበቃል፤ ልጅና አዛውንት ባለበት ቤት ቀልድ አይደለም። ታንኩ አጠገብ ቤንዚንና ቲነር አይቀመጥ።

[ምስል፦ ኮሪደር ግድግዳ ላይ የተገጠመ አላርም።]

በመጨረሻ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙ። በየፎቁ፣ በየመኝታ ቤቱ አጠገብ፣ ቤዝመንት የተከራየው ሰው ጋም ይኑር። እነዚህም ያረጃሉ፤ ጀርባቸው ላይ የማለቂያ ቀን አለ። ቡና ስናፈላ የከሰሉ ጭስ አስጮኸው ብላችሁ ባትሪውን መሳቢያ የምትከቱ ሰዎች፣ አላርሙ እኮ ልክ ነው፤ ከሰሉን ነው ማውጣት።

አራት ጊዜ ጮኾ፣ ቆም ብሎ፣ እንደገና አራት ጊዜ ከጮኸ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው፣ ከውጭ ሲሆን ደግሞ ከተሻለው፣ አላርም ባይጮኽም እንደዚያው ያዙት። ወጥታችሁ 911 ደውሉ። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናትና አባት ካሏችሁ «አማርኛ» ብለው አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚችሉ ንገሯቸው፤ የቤቱን አድራሻም ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉላቸው።

እሳት አደጋዎች መጥተው ሂተሩን ካጠፉት ምክንያቱ ሳይገኝ መልሳችሁ አትለኩሱት። ቴክኒሻኑ በማግስቱ ሲመጣ ቤቱ አየር ገብቶበት መለኪያው ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። «ምንም የለም» ብሎ ደረሰኝ ሊጽፍላችሁ ነው። መስኮቱ ይዘጋ፣ የልብስ ማድረቂያውና ፋኖቹ ይብሩ፣ ሂተሩ እየነደደ ቆቧ አፍ ላይ ለካልኝ በሉት።