መስኮቱን ከመንቀላችሁ በፊት

ጤና ይስጥልኝ። አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ታክሲውን ውጭ አቁሞ የገባም አለ መሰለኝ። ስለዚህ አላስረዝምም።

ሥራዬ የቆዩ ቤቶችን ማየት ነው። ከፌዴራል መንግሥት በመጣ ገንዘብ ቤት ሊጠገን ወይም ሱቅ ሊታደስ ሲል ፋይሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ቤቱ ታሪክ አለው ወይ? ሊሠራ የታሰበውስ ያበላሸዋል ወይ? ይህን ነው የምጠይቀው። እናቴ ስትሰማ «ለዚህም ደመወዝ ይከፈላል?» ብላኛለች። ይከፈላል፤ ብዙ ባይሆንም።

አንድ ወገናችን የገጠመውን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ምግብ ቤት አለው፤ ሕንፃውም የራሱ ነው። የሱቁን ፊት ለማሳደስ ከከተማው ግራንት፣ የማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ ማለት ነው፣ ጠየቀ፤ ብሩ ከፌዴራል የመጣ ነው። ማመልከቻው የሚያስቀና ነበር። መልስ ሲጠብቅ ኮንትራክተሩ መጣና «በሚቀጥለው ወር ሌላ ሥራ አለኝ፤ አሁን ካልጀመርን አልገኝም» አለው። እሱም «ለጊዜው ከኪሴ ላውጣ፣ በኋላ ይተኩልኛል» ብሎ አሰበ። የእንጨቱ መስኮት ተነቀለ። ከበሩ በላይ የነበረው ባለቀለም መስታወት ቆሻሻ መጣያ ገባ። አልሙኒየም ተገጠመ። ግራንቱም በዚያው ቀረ።

ደውሎልኝ «በገዛ ብሬ፣ በገዛ ሱቄ!» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ሕጉ ግን እንዲህ ነው፤ ሀድ የምንለው የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት የሚሰጠውን ገንዘብ ለማግኘት ካመለከታችሁ፣ ግምገማው እስኪያልቅ ሥራ አይጀመርም። በግራንቱ ብር ብቻ አይደለም፤ በራሳችሁም ብር አይጀመርም። ግምገማውን ለመሸሽ ሆን ብሎ ያፈረሰ ደግሞ የባሰ ጣጣ አለበት።

ለምን እንዲህ ጠበቀ? መልሱ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ዋሽንግተን ደቡብ ምዕራብ ሰፈር ነው። በ1950ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሰፈሩ «ይታደሳል» ተብሎ በፌዴራል ገንዘብ ተጠርጎ ፈረሰ። ወደ 23 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተነሣ፤ አብዛኛው ጥቁር ነበር። የአንድ ሱቅ ባለንብረቶች «ሱቃችን ደህና ነው፣ ለምን ይፈርሳል?» ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገቱ። በ1954 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለመንግሥት ፈረዱ። ፒያሳ ሲፈርስ በስልካችን ያየን ሰዎች ስሜቱን ማስረዳት አያስፈልገንም።

በ1963 ኒውዮርክ ላይ ፔን ስቴሽን የሚባለው ግዙፍ የባቡር ጣቢያ መፍረስ ጀመረ። ያን ጊዜ ጩኸቱ በረታ። ጥቅምት 1966 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕጉን ፈረሙ። እኔ የምሠራበት አንቀጽ 106 ከዚያ የመጣ ነው። የሚለው አጭር ነው፦ የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ የሚሰጥ አካል፣ ከመስጠቱ በፊት ሥራው ታሪካዊ ቦታ ላይ የሚያደርሰውን ይመልከት።

ይመልከት ነው የሚለው። አያፍርስ አይልም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ እኔንም አንዳንዴ ቅር ይለኛል። ጉዳት አለ ከተባለ ማስቀረት ይቻል እንደሆነ፣ ካልተቻለም መቀነስ ይቻል እንደሆነ ንግግር ይደረጋል። በመጨረሻ ስምምነት ይፈረማል። ከዚያ በኋላ ሕንፃው ሊፈርስም ይችላል።

አሠራሩን በአጭሩ ልበል። በሀድ ገንዘብ ላይ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በከተማው አስተዳደር ላይ ነው፤ ስለዚህ የምታናግሩት እንደኔ ያለ የሲቲ ሠራተኛ ነው። እኛ ፋይሉን አዘጋጅተን ለክልሉ የቅርስ ጥበቃ ሹም እንልካለን። እያንዳንዱ ስቴት አንድ አለው፤ ዲሲም አለው። የተሟላ ፋይል ከደረሰው በኋላ 30 ቀን አለው። ብዙው ፋይል «ጉዳት የለም» ተብሎ ያልቃል። ዲሲ ላይ ከዚህ የተለየ የከተማዋ የራሷ ሕግም አለ፤ የ1978 ነው። እሱ የፌዴራል ብር ኖረም አልኖረም ይይዛችኋል። ሁለቱን አታምታቱ።

«ታሪካዊ» ሲባል ብዙዎቻችን ነጭ እብነ በረድ ይመጣብናል። ዩ ስትሪት ሂዱና እዩ። ትሩ ሪፎርመር ሕንፃ በ1903 ያለቀ ነው፤ ንድፉን ያወጣው ጆን ላንክፎርድ የሚባል ጥቁር አርክቴክት ነው። ሊንከን ቴአትር በ1922 ተከፈተ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ ከተነሣው የ1968ቱ ቃጠሎ በኋላ መንገዱ ለዓመታት ቀዝቅዞ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ለሜትሮ ባቡር ተቆፈረ፤ ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። እኛ እዚያና 9ኛ መንገድ ላይ ምጣድ የጣድነው በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ባቆዩት ቤት ውስጥ ማለት ነው።

ቦታ በፌዴራሉ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ እንዲገባ ልማዱ 50 ዓመት ነው፤ ከዚያ በታች የሆነ ለየት ያለ ምክንያት ይፈለግለታል። በ1970ዎቹ መጨረሻ እዚህ ከተማ የተከፈቱትን የመጀመሪያዎቹን የሐበሻ ምግብ ቤቶች አስቡ። ሃምሳው እየደረሰ ነው። ግን ፋይሉ ውስጥ ምን አለ? ምንም። ገምጋሚው የሚያነበው የተጻፈውን ነው። ማን መጀመሪያ እንጀራ እዚያ እንደሸጠ፣ የመጀመሪያው ማኅበር የት ምድር ቤት እንደተሰበሰበ ካልነገራችሁት፣ «ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ሕንፃ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ራሴ እንደዚያ ብዬ ያለፍኩት ፋይል አለ። በኋላ አንድ አዛውንት የሕንፃውን ታሪክ ሲነግሩኝ አፈርኩ።

ስለ መስኮት ልመለስ፤ የሚበዛው ጭቅጭቅ እሱ ነው። አንዲት እናት ቤት ሄጄ ነበር። «ልጄ፣ መስኮቱ ሞቷል፤ ሲከፈት አይቆምም፣ እጄን ሊቆርጠኝ ነው፤ ፕላስቲክ አድርጉልኝ» አሉኝ። የክፈፉን ጎን የምትሸፍን ትንሽ ጣውላ አለች፤ ፈታኋት። ውስጥ የዘነዘና ቅርጽ ያለው ድፍን ብረት ወድቋል። መስኮቱን ከፍ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው፤ በገመድ ተንጠልጥሎ። ገመዱ ተበጥሷል፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ጣውላው ያረጀ ዛፍ እንጨት ነው፤ ጥፍር አያስገባም። አዲስ ገመድ ገባለት፣ በውጭ በኩል ተጨማሪ መስታወት ተደረገለት፣ ነፋሱም ቆመ። «ይኼን ሁሉ ዓመት በገመድ?» ብለው ሳቁ።

ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አይደለም። የበሰበሰ እንጨት ይለወጣል፤ ማንም በብስባሽ ኑሩ አይላችሁም። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለም ሊድ የሚባለው መርዛማ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ራሳችሁ አትፋቁት፤ በተለይ ሕፃን ካለ።

ጎረቤታችሁ ያለ ሕንፃ በፌዴራል ገንዘብ ሊነካ ከሆነና የምትሉት ካለ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። «በዚህ ጉዳይ ከተመካካሪዎች አንዱ ልሁን» ማለት ነው። ለምን እንደሚያገባችሁ ሁለት መስመር ጨምሩ። ሱቄ አጠገብ ነው፣ ልጆቼ የተጠመቁት እዚያ ነው፣ ይበቃል። ጠበቃ አያስፈልግም። በጨዋታ መሐል «ነግሬያቸው ነበር» ማለት ግን ፋይል ውስጥ አይገባም።

የደብዳቤውን ናሙና ኋላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ግራንት ያመለከታችሁ ካላችሁ፣ ኮንትራክተራችሁ ሰኞ እጀምራለሁ ካለ፣ ዛሬውኑ አናግሩኝ። ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ እዚያው እንገናኝ።