ስምንት ወይስ ዘጠኝ?

ሰላም አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ማታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ደርቤ ተቀምጫለሁ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥ ከብርዱ ነው እንጂ ከጉዳዩ አይደለም። ጉዳዩስ እንዲያውም ያሞቃል።

ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ኮምቢኔሽን የሚባለው፣ ከብዙ ነገር ጥቂቱ በስንት መንገድ እንደሚመረጥ የሚቆጠርበት ምዕራፍ ሲደርስ ያው ከረጢት፣ ያው ቀይና ሰማያዊ ኳስ ነው። ተማሪ “ይህ ለምን ይጠቅማል?” ሲለኝ “ለፈተና” እያልኩ ኖሬአለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ከፈተና ውጭ የት እንደሚጠቅም እኔም አይቼ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ወር አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ከትምህርት በኋላ መጣችና የተጣጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። የኮምፒውተር ፕሮግራም የመጻፍ ውድድር ትለማመዳለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ አንድ ቁጥር ይሰጥሃል፤ ከ1 ጀምሮ እስከዚያ ቁጥር ድረስ ካሉት ውስጥ በባይነሪ ሲጻፉ ልክ ሁለት ጊዜ “አንድ” የሚገኝባቸው ስንት ናቸው? ሁለት ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ ሦስትም ሠላሳም ሊሆን ይችላል።

ባይነሪ ማለት ሁሉንም ቁጥር በ0 እና በ1 ብቻ መጻፍ ነው። ቦታዎቹ ከቀኝ ወደ ግራ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት እያሉ ይታጠፋሉ። 21 የሚገኘው 16፣ 4 እና 1 ሲደመሩ ስለሆነ 10101 ተብሎ ይጻፋል። በነገራችን ላይ የእኛ የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ አሥርም ሃያም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ባይነሪን በግዕዝ አኃዝ ልጻፍ የሚል ሰው የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ላይ ሲደርስ ብዕሩን ያስቀምጣል።

“ታዲያ ምን ያስቸግራል? ኮምፒውተሩ አንድ በአንድ ይቁጠራቸው” አልኳት። ዝም ብላ የወረቀቱን የታችኛውን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። ቁጥሩ ከ1 ቀጥሎ 18 ዜሮ እስከተደረደረበት ድረስ ሊደርስ ይችላል። የተፈቀደው ጊዜ አንድ ሰከንድ ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። በሰከንድ መቶ ሚሊዮን ቁጥር የሚመረምር ኮምፒውተር ሥራውን ለመጨረስ ከ300 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ሲነግሡ ቆጠራው ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬም አላለቀም ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ወረቀቱን በኪሴ ይዤ ዞርኩ። ቅዳሜ አክስቴን ልጠይቅ ወደ ደብረ ሲና በሚኒባስ ተሳፈርኩ። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁልጊዜ የምሄድበት መንገድ ነው። ገና ከከተማ ሳንወጣ አንድ አዛውንት “አንኮበር አይደለም እንዴ?” አሉ። በስህተት ነበር የተሳፈሩት፤ ረዳቱ ይቅርታ ጠይቆ አወረዳቸው። ጣርማ በር ስንደርስ፣ ጉሙ የመኪናውን አፍንጫ እንኳን አላሳይ ብሎ ሳለ፣ ወደ መሐል ሜዳ የምትታጠፍ አንዲት ሴት ከነጆንያዋ ወረደች። ሌሎቻችን ጣሊያን በወረራው ዘመን በሠራው ዋሻ አልፈን ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ቀጠልን።

ሴትየዋ ጉሙ ውስጥ ስትጠፋ አንድ ነገር በራልኝ። ከወረደችበት ቦታ በፊት የእሷ መንገድ ከእኛ መንገድ አልተለየም። ከወረደች በኋላ ግን የእኛ መንገድ አይመለከታትም፤ እንዳሻት ነው።

ከ21 የሚያንስ ማንኛውም ቁጥርም እንዲሁ ነው። ያነሰውን ከፊቱ ዜሮ እየጨመራችሁ ሁለቱን ባለ አምስት ቦታ አድርጋችሁ ከግራ ጀምራችሁ ብታነቡ፣ እስከ አንድ ቦታ ድረስ አብረው ይጓዙና 21 “አንድ” ያለበት ቦታ ላይ ሌላው “ዜሮ” ብሎ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቦታዎች እንደፈለገ ይሞላቸዋል፤ ምንም ቢሞላ ከ21 አይበልጥም። 21 ራሱ ዜሮ ያለበት ቦታ ላይ ግን መውረጃ የለም፤ እዚያ አንድ ያስቀመጠ ከ21 በለጠ ማለት ነው። መቁጠር ያለብኝ ቁጥሮቹን አልነበረም፤ መውረጃዎቹን ነበር።

የአክስቴ ቤት እስክደርስ መታገሥ ስላልቻልኩ የቆሎ መጠቅለያ ላይ ጻፍኩት። የመጀመሪያው መውረጃ የ16 ቦታ ነው። እዚያ የወረደ አራት ነፃ ቦታ አለው፤ ከአራቱ ሁለቱን መርጦ አንድ ያስቀምጥባቸዋል፤ ስድስት መንገድ። ሁለተኛው መውረጃ የ4 ቦታ ነው። እዚያ የወረደ አንዱን “አንድ” ቀድሞ ስለተጠቀመበት፣ ከቀሩት ሁለት ቦታዎች አንዱን ብቻ ይመርጣል፤ ሁለት መንገድ። የመጨረሻው መውረጃ የ1 ቦታ ነው። እዚያ የሚወርድ ሁለቱንም ጨርሷል፤ የሚመርጠው ስለሌለ መንገዱ አንድ ነው። ቶሎ የተለየ ብዙ ነፃነት አለው፤ የዘገየ ትንሽ። በድምሩ ዘጠኝ። ዘርዝሬ አረጋገጥኩ፦ 3፣ 5፣ 6፣ 9፣ 10፣ 12፣ 17፣ 18፣ 20። ዘጠኝ ናቸው።

ለ18 ዜሮውም ቁጥር ቢሆን ቦታዎቹ 60 ብቻ ናቸው። የ300 ዓመቱ ሥራ ወደ 60 እርምጃ ወረደ። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ያ የኮምቢኔሽን ቀመር ለካ ይህን ያደርግ ነበር! አክስቴ ምግብ አቅርባ ስታበቃ አሁንም የቆሎ ወረቀት ላይ አቀርቅሬ ስታየኝ “ልጄ፣ ዕዳ አለብህ እንዴ?” አለችኝ።

ሰኞ ፕሮግራሙን ጻፍኩና በራሱ ወደሚያርመው ማሽን አስገባሁ። የመጣው መልስ ሁለት ቃል ነው፦ የተሳሳተ መልስ። እኔ ለተማሪዎቼ ለአካሄድ ግማሽ ማርክ እሰጣለሁ፤ ይህ ማሽን ግን አካሄድ የሚባል ነገር አያውቅም። በዓለም አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር በአይሲፒሲ ሦስት ተማሪዎች አንድ ኮምፒውተርና አምስት ሰዓት ይሰጣቸዋል፤ ለፈቱት ጥያቄ ቀድሞ ላስገቡት ለእያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ 20 ደቂቃ ይጨመርባቸዋል። ለእኔ ማንም ደቂቃ አልቆጠረብኝም፤ ነገር ግን ምሳዬን አልበላሁም።

አንዱን ጥፋት ራሴ አገኘሁት። ኮምቢኔሽኑን ያሰላሁት እንደማስተምረው በፋክቶሪያል፣ ማለትም ከ1 እስከ አንድ ቁጥር ያሉትን ሁሉ በማባዛት ነበር። የ20 ፋክቶሪያል በ64 ቢት ቦታ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ለአንድ ቁጥር በሚሰጠው 64 የባይነሪ ቦታ ውስጥ ይገባል፤ የ21 ግን ሞልቶ ይፈስሳል፤ ኮምፒውተሩም ሳያፍር የማይረባ ቁጥር ይሰጣችኋል። ስለዚህ ወደ ፓስካል ሦስት ማዕዘን ዞርኩ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከላዩ ያሉት የሁለቱ ድምር ነው፣ ማባዛት የለ፣ ማካፈል የለ። ከ60 ቦታ 30 የመምረጫው መንገድ እንኳን 18 አኃዝ ያለው ቁጥር ስለሆነ ያለ ችግር ይገባል። እንደገና አስገባሁ። ማሽኑ የሚሞክርባቸውን ብዙዎቹን ፈተናዎች አለፈና አሁንም “የተሳሳተ መልስ” አለኝ።

ከዚያ ተማሪዬን ጠራኋት። የሚኒባሱን ነገር ከአዛውንቱ ጀምሬ ተረኩላት። አልሳቀችም፤ ይህች ልጅ በቀላሉ አትስቅም። ኪቦርዱን ተቀበለችኝና 21ን አስገባች፤ ዘጠኝ አለ። 20ን አስገባች፤ ስምንት አለ።

“መምህር፣ 21 ራሱ እኮ ሦስት አንድ ነው ያለው፤ አይቆጠርም። ታዲያ 20 እና 21 መልሳቸው እንዴት ይለያያል?”

የምመልሰው አልነበረኝም። ስክሪኑን ትንሽ አየችና፣ “መምህር፣ የወረዱትን ሁሉ ቆጥረዋል። እስከ ደብረ ሲና የሄዱት እርስዎስ?” አለችኝ።

20 በባይነሪ 10100 ነው፤ ራሱ ልክ ሁለት አንድ አለው። ከ20 ጋር እስከ መጨረሻው ተጉዞ የትም የማይወርደው 20 ራሱ ነው፤ እኔ ደግሞ የቆጠርኩት ወራጆችን ብቻ ነበር። ምሳሌ አድርጌ የያዝኩት 21 ራሱ የማይቆጠር በመሆኑ ጥፋቴን ሸፈነልኝ፤ ብዙዎቹን ፈተናዎች ያለፍኩትም ለዚሁ ነው። አንድ መስመር ጨመረች፦ ቁጥሩ ራሱ የሚፈለገውን ያህል አንድ ካለው፣ አንድ ደምር። አስገባችው። ትክክል።

ደስ አለኝ፤ ትንሽም ከፋኝ፤ አልዋሽም።

እሷ ግን ሌላ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። አሁን የሚቆጠሩት ሁለት “አንድ” ጎን ለጎን የማይቆሙባቸው የ0 እና የ1 ረድፎች ናቸው። ባለ አንድ ቦታ ሁለት ናቸው፣ ባለ ሁለት ሦስት፣ ባለ ሦስት አምስት፣ ባለ አራት ስምንት። ቀጣዩ 13 እንደሚሆን ገምቼ ዘረዘርኳቸው፤ 13 ሆኑ። በዜሮ የሚያልቅ ከፊቱ ያለው እንዳሻው ነው፤ በአንድ የሚያልቅ ግን ከፊቱ ዜሮ ግድ ነው፤ ስለዚህ ያለፉት ሁለቱ ይደመራሉ። ይህን ያለ ሚኒባስ አገኘሁት። የወረቀቱ ጀርባ ላይ ያለው ደግሞ ያንኑ ጥያቄ እስከተሰጠ ቁጥር ድረስ ይጠይቃል፤ እሱ እንቢ ብሎኛል።

አክስቴ ደህና ናት፤ በዚህ ቅዳሜ ደብረ ሲና የሚያስኬደኝ ነገር የለም። ቢሆንም መናኸሪያ ሄጄ የመጀመሪያው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠይቄአለሁ።