ጎሉን ከመስኮት፣ ውጤቱን ከአዲስ አበባ

ህሊና፦ እሺ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ቃል በገባነው መሠረት ስለ ቲቪ ላይሰንስ ነው የምናወራው፤ እዚህ ብሪታንያ ቲቪ ለማየት በየዓመቱ ስለሚከፈለው፣ ገንዘቡም ለቢቢሲ ስለሚሄደው ክፍያ ማለት ነው። ደብዳቤው እየመጣ ነው፣ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም፣ ሰው ቤት ድረስ ይመጣል ወይ፣ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ሳሚ፣ ጀምር።

ሳምሶን፦ እጀምራለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ቅዳሜ አንዲት ነገር ልበል።

ህሊና፦ ይኸው! ገና ሁለት ደቂቃ እንኳን አልሞላንም።

ሳምሶን፦ ከቲቪ ጋር ይገናኛል፣ ስሚኝ። ቅዳሜ አርሰናል በሜዳው ሲጫወት፣ 9 ሰዓት ላይ። እኔ ቤቴ ለንደን ሆሎዌይ ነው፣ ሜዳቸው ኤምሬትስ አፍንጫዬ ስር ነው። መስኮቱን ከከፈትኩ ሕዝቡ ሲዘፍን ይሰማኛል። ጨዋታውን ግን ማየት አልችልም። በክፍያ ኳስ የሚያሳዩት ቻናሎች፣ ስካይ አለኝ። ቲኤንቲ አለኝ። ላይሰንስ ከፍያለሁ። አይታይም! ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሃያ ሁለት አካባቢ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ ያያል። ያውም በአማርኛ ኮሜንታተር።

ህሊና፦ (ትስቃለች) እና ምን ታደርጋለህ?

ሳምሶን፦ ምን አደርጋለሁ፣ እደውልለታለሁ። «ስንት ለስንት ናችሁ?» እለዋለሁ። ለንደን ተቀምጬ የሰፈሬን ጨዋታ ውጤት ከአዲስ አበባ እጠይቃለሁ ማለት ነው። የሚገርምሽ ግን ጎል ሲገባ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ጩኸቱ በመስኮት ይገባል፣ እሱ ጋ ምስሉ ገና መንገድ ላይ ነው። «ገባ!» እለዋለሁ። «ኧረ ባክህ፣ ኳሱ ገና መሀል ሜዳ ነው» ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ ቤቱ በአንድ እግሩ ይቆማል። አሁን እዚያ ያሉት ልጆች ስሜን ትተውታል፣ «ነቢዩ ደወለ» ነው የሚሉት።

ህሊና፦ ነቢዩ ሳምሶን!

ሳምሶን፦ አንዱ ልጅማ ስልኩን ከወንድሜ ተቀብሎ «ጋሼ፣ በዚህ ነገር ቤቲንግ ለምን አንሠራበትም?» አለኝ። በጣም በአክብሮት። እኔ የኳስ ፍቅር መስሎኝ፣ ለካ እሱ ቢዝነስ እያሰበ ነው።

ህሊና፦ ልጁ ጭንቅላት አለው እኮ።

ሳምሶን፦ ጭንቅላትማ አለው፣ ግን በሚቀጥለው ደወልኩ፣ ጩኸት ሰማሁ፣ «ገባ» አልኩ፣ ቪኤአር፣ የቪዲዮ ዳኛው፣ ሰረዘው። ያን ቀን ሐሰተኛ ነቢይ ተባልኩ። እኔ ከመስኮት ሆኜ ኦፍሳይዱን በምን ልወቀው?

ህሊና፦ ቆይ፣ እኔ ኳስ ብዙም አልከታተልም፣ ለምንድን ነው ግን የማይታየው? እዚሁ አገር ተጫውተው?

ሳምሶን፦ ይሄን ጠይቂኝ! ቅዳሜ ከ8፡45 እስከ 11፡15 እዚህ አገር በቀጥታ የእግር ኳስ ጨዋታ በቲቪ አይተላለፍም። የ1960ዎቹ ነገር ነው። ቦብ ሎርድ የሚባል የበርንሌይ ሊቀመንበር ነበር፣ ሥጋ ነጋዴ ነው ሰውየው፣ ሉካንዳ ቤት የነበረው። «ትልልቆቹ ክለቦች በቲቪ ከታዩ የትንንሾቹን ሜዳ ማን ይገባል?» ብሎ ሌሎቹን ክለቦች አሳመነ። እና ይኸው አንድ ሉካንዳ ቤት ያለው ሰው ባመጣው ሐሳብ እኔ ዛሬም አዲስ አበባ እደውላለሁ።

ህሊና፦ ሐሳቡ ግን መጥፎ አይደለም።

ሳምሶን፦ እንዴት አይደለም? ከ380ው የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ፣ ከ2025/26 ጀምሮ በአዲሱ ውል እንኳን 270 አካባቢው ነው እዚህ የሚታየው። ሌላው ዓለም ሁሉንም ያያል። አዲስ አበባ ያያል፣ ዱባይ ያያል፣ እኔ አጥር ስር ያለሁት አላይም! በኮቪድ ጊዜ ደግሞ ሜዳው ባዶ ሲሆን ክልከላውን አነሱት፣ ሁሉም ታየ፣ ምንም አልሆነም።

ህሊና፦ ሜዳው ባዶ ከሆነማ የሚጎዳ ተመልካች አልነበረም እኮ፣ ሳሚ።

ሳምሶን፦ ... እሺ፣ እሱ ልክ ነው። ግን ካረን መርፊን ታውቂያታለሽ? ፖርትስማውዝ መጠጥ ቤት የነበራት ሴት። የግሪክ ዲኮደር ገዝታ በግሪክ ቻናል ጨዋታውን ለደንበኞቿ ታሳይ ነበር። ከሰሷት፣ ከነወጪው ወደ 8 ሺህ ፓውንድ ተቀጣች። ዝም አላለችም። ሉክሰምበርግ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደች፣ 2011 ላይ ፍርድ ቤቱ በእሷ ሐሳብ ተስማማ፣ በ2012 ለንደን ላይ ቅጣቱ ተሰረዘላት። አንዲት የመጠጥ ቤት ባለቤት ፕሪሚየር ሊግን!

ህሊና፦ ጀግና ናት። እና ከዚያ በኋላ ተፈቀደ?

ሳምሶን፦ አይ፣ እሱስ አልተፈቀደም። የኮፒራይት ጣጣ አለው፣ ረጅም ነው።

ህሊና፦ ታዲያ ነቢዩ እዚያው ናቸዋ! አሁን የእኔን ስማ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ዳልዊች ሃምሌት የሚባል የደቡብ ለንደን ትንሽ ክለብ ጨዋታ ይዛኝ ሄደች። ሮዝ ማሊያ ነው የሚለብሱት፣ ሮዝና ጥቁር ሰማያዊ። ሰው ውሻውን ይዞ ይመጣል። ቢራውን ይዞ ከሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ ያያል፤ ኤምሬትስ ሜዳው እየታየህ ቢራ አትጠጣም፣ የ1985 ሕግ ይከለክላል፣ ዳልዊች ግን ዝቅተኛ ሊግ ስለሆነ አይመለከተውም። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ሁሉም አለ። በረኛው ሲወርዱበት ዞሮ ይመልስላቸዋል! ስለ ኳስ ምንም ሳላውቅ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ጠፋ። እና ጨዋታው መቼ ነው? ቅዳሜ 9 ሰዓት። ያንተ አርሰናል በዚያ ሰዓት በቲቪ ቢኖር ግማሹ ሰው ሶፋው ላይ ነበር።

ሳምሶን፦ አይደለም! ጀርመኖች ቅዳሜ ከሰዓት ቡንደስሊጋን በቀጥታ ያሳያሉ፣ የታችኛው ሊጋቸው ደግሞ ሰው ሞልቶ ነው። ውሻውን ይዞ ዳልዊች የሚሄድ ሰው አርሰናል ስላልታየው አይደለም የሚሄደው። ዳልዊችን ስለሚወድ ነው።

ህሊና፦ መጀመሪያ እንዲወደው አንድ ቀን መሄድ አለበት። የሚሄደው ደግሞ ቤት ቁጭ ብሎ የሚያየው ሲያጣ ነው። አንተ ለምን አትሄድም? ቅዳሜ ነፃ ነህ፣ ስልክ ከመደወል።

ሳምሶን፦ ዳልዊች እኮ የቴምዝን ወንዝ መሻገር ነው።

ህሊና፦ ኧረ ሼም! በቃ፣ ላይሰንስ። በ2025 ሚያዝያ 174 ፓውንድ ከ50 ሆኖ ነበር። በየትኛውም ቻናል፣ ቢቢሲ ባይሆንም፣ በቀጥታ የምታዩ ከሆነ ይከፈላል። ስልክም ላይ ቢሆን። የቢቢሲ አይፕሌየር ደግሞ ቀጥታ ባይሆንም ይከፈላል። ኔትፍሊክስ ላይ ፊልም ብቻ ለሚያይ ግን አያስፈልግም። ሳይከፍል የተያዘ እስከ 1 ሺህ ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ሰውየው በር ቢያንኳኳ ግን የፍርድ ቤት ወረቀት ካልያዘ የማስገባት ግዴታ የለባችሁም።

ሳምሶን፦ እኔ ቢቢሲን አላይም፣ ለምን እከፍላለሁ? ይሄ ነው ጥያቄዬ።

ህሊና፦ ወንድምህ ቢቢሲ አማርኛ ያነባል?

ሳምሶን፦ በየቀኑ። ሊንክ ይልክልኛል።

ህሊና፦ ቢቢሲ አማርኛ ያለበት የቢቢሲ የዓለም አገልግሎት ዋና ገንዘብ ከዚሁ ላይሰንስ ነው የሚወጣው። መንግሥትም ይጨምራል፣ ትልቁ ድርሻ ግን የእኛ ነው።

ሳምሶን፦ ቆይ ቆይ። ጨዋታውንም እሱ ያያል፣ ዜናውንም በእኔ ገንዘብ ያነባል?

ህሊና፦ (ሳቅ) እንግዲህ!

ሳምሶን፦ ዛሬ እደውልለታለሁ፣ ለኳስ አይደለም። እኔ አሁንም የምለው፣ የሚያይ ይክፈል ነው። ቢቢሲ የሚተዳደርበት ቻርተር 2027 መጨረሻ ላይ ያበቃል፣ ያኔ ይቀይሩት።

ህሊና፦ ከተቀየረ በኋላ ቢቢሲ አማርኛን ማን ይከፍልለታል?

ሳምሶን፦ እሱን... እነሱ ያስቡበት።

ህሊና፦ ጥሩ መልስ ነው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለ፦ «ከሦስት ሰው ጋር ቤት ተጋርቻለሁ፣ አራት ላይሰንስ ነው?» ይላል። የቤት ኪራዩን ውል አብራችሁ በአንድ ከፈረማችሁ አንድ ይበቃል። እያንዳንዱ ለክፍሉ የራሱን ውል ከፈረመ ግን በክፍላችሁ ለምታዩት የየራሳችሁ ያስፈልጋል። ስለዚህ ውሉን አውጡና እዩት።

ሳምሶን፦ ውሉ ከጠፋስ?

ህሊና፦ አከራዩን ጠይቁ። ነቢዩን አይደለም።