የቤት ካውያ ወይስ የሰፊ ካውያ? ሳትገዙ በፊት ይቺን ስሙ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ደሴ ያላችሁ፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ሐይቅም ከሚሴም ሆናችሁ የምታዩን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ ካውያ ነው የምናወራው። አዎ፣ ካውያ። ስለ ስፌት መኪና ሲሆን ሁላችሁም ከች ትላላችሁ፣ ካውያ ሲባል ግን ጣታችሁ ወደ ሌላ ቪዲዮ ይሄዳል። ቆይ! አትሂዱ። ስፌታችሁ ቀጥ ብሎ ሳለ ልብሱ ለምን "እቤት የተሰፋ" እንደሚመስል ልነግራችሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመኪናው አይደለም። የአተኳኮስ ነው።

ከእናንተ በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። "የቤቱ ስቲም ካውያ ይበቃኛል ወይስ ሰፊዎች ጋ የማየውን፣ ያን ጠርሙስ ከላይ የሚሰቀልለትን ልግዛ?" እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ። በቀን ስንት ሰዓት ትሰፋላችሁ? በቃ፣ መልሱ እዛ ውስጥ አለ። ዝርዝሩን የፈለገ ቡናውን ይዞ ይቀመጥ።

መጀመሪያ እንተዋወቃቸው። የቤቱን ታውቁታላችሁ። ውሃው እዛው ሆዱ ውስጥ ነው፣ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ቢይዝ ነው። ለእጅ ቀላል ነው፣ ዋቱ ግን ትልቅ ነው፣ 2,000ም 2,400ም የተጻፈበት አለ። ሁለተኛው ጠርሙስ የሚሰቀልለት ነው። ጠርሙሱ ከራስ በላይ ይንጠለጠላል፣ ውሃው በቀጭን ቱቦ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ቁልፉን ስትጫኑ ቀጭ ይላል፣ ውሃው ወደ ጋለው ብረት ይገባል፣ እዛው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ሦስተኛው ባለ ቦይለር ነው። ውሃው ለብቻው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በግፊት በወፍራም ቱቦ ይመጣል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ የሠራችሁ ይሄኛውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ ከሥሩ እርጥበቱን ወደ ታች የሚስብ ጠረጴዛ ያለውን ማለቴ ነው።

እሺ። አሁን ልዩነቱን በአንድ ነገር ላስረዳችሁ። ሐረጎን አስቡልኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትመጡ ያለውን ዳገት። ዳገቱ ሥር አንድ ባጃጅና አንድ አይሱዙ አቁሙልኝ።

ባጃጇ ከተማ ውስጥ ንግሥት ናት። ከፒያሳ ሸዋበር፣ ከሸዋበር መናኸሪያ፣ በየቅያሱ ትገባለች፣ በየቅያሱ ትወጣለች፣ ነዳጅ አትበላም፣ ቦታ አትይዝም። ማንም ክፉ አይናገራትም። አሁን ግን ሁለት ኩንታል ጤፍ ጫኑባትና "በይ ሐረጎን ውጪ" በሏት። መጮህስ ትጮሃለች! ከአይሱዙው በላይ ትጮሃለች። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ቀድማው ትሄድ ይሆናል። ከዚያ ትንሽ ወጣ ትላለች፣ ትንተፋተፋለች፣ ትቆማለች። ሹፌሩ ወርዶ ሞተሩን ይዳብሳል። ይቀዘቅዛል፣ ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይቆማል። አይሱዙውስ? ሲሚንቶውን ጢም አድርጎ ጭኖ በአንደኛ ማርሽ ጉርርር እያለ ይወጣል። አይፈጥንም እኮ! ይሄን ልብ በሉልኝ። አይፈጥንም፣ ግን አይቆምም። (የባጃጅ ሹፌሮች አትቀየሙኝ፣ እኔም በባጃጅ ነው የምሄደው።)

የቤት ካውያችሁም እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያው ኮሌታ ልክ ይላል። ሁለተኛው ልክ ይላል። እንፋሎቱን ደጋግማችሁ ስትጫኑት ግን ሥሩ፣ ጨርቁን የሚነካው ብረት ማለቴ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ መብራቷ ትበራለች፣ እናንተ ሥራ ስለሚበዛባችሁ አትጠብቁም፣ ትጫናላችሁ፣ ጠብ! ነጭ ሸሚዝ ላይ ውሃ። ወይ ደግሞ ውሃው አልቆ ትሞላላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ። የሰፊው ካውያ ሥሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ጠርሙሱ ደግሞ ሊትሮች ስለሚይዝ አሥሬ አትሞሉም። ጠዋት ይሰካል፣ ማታ ይነቀላል።

ታዲያ ሁላችንም አይሱዙ እንግዛ? ዳቦ ለመግዛት አይሱዙ አስነስቶ የሚሄድ ሰው አይታችኋል? ለልጅ ዩኒፎርም፣ ለራስ ቀሚስ፣ በሳምንት አንዴ ለምትሰፉት፣ ጣሪያ ላይ መንጠልጠያ ማስመታት፣ ቱቦ መጠምጠም፣ ያን ሁሉ ዕቃ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ማስቀመጥ... አይሆንም። ጎረቤትም ይስቅባችኋል።

ከዚህ ልቀጥል ስል አንድ ነገር መጣብኝ። ባለፈው ስለ መተኮሻ ጠረጴዛ ስናወራ ብዙዎቻችሁ "ደሴ ብርድ ስለሆነ ስቲም ካውያ አይሠራም፣ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው" ብላችሁ ጽፋችኋል። አንድ ሁለት ሰው ቢሆን አልፈው ነበር። ብዙ ናችሁ! አንዷ እህቴማ ካውያዋን ኮምቦልቻ እህቷ ጋ ልካ ልትሸጠው ነው። ኧረ በሞቴ አትላኪው።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃም ቶሎ ይፈላል። ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ኮምቦልቻ በ94 ገደማ፣ ደሴ በ92 ገደማ ይፈላል። ሽሮው፣ ባቄላው ደሴ ላይ አልበስል የሚላችሁ ለዚህ ነው። እስከዚህ ልክ ናችሁ። "እንግዲህ እንፋሎቱም ቀዝቃዛ ነው" ስትሉ ነው የተሳሳታችሁ።

ለምን? ጨርቁን የሚያሞቀው በዋናነት የካውያው ሥር ነው። እሱ ደግሞ ቴርሞስታት አለው፣ የተባለው ሙቀት ላይ እስኪደርስ ኤሌክትሪኩን አይቆርጥም። የሙቀት ቁልፉን ባለ ሁለት ነጥብ ላይ ካደረጋችሁት 150 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ሦስት ነጥብ ከሆነ 200 አካባቢ። ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ አውጡት፣ ያው ነው። ውሃው በ92 ፈላ በ100 ፈላ፣ 150 ዲግሪ የጋለ ብረት ሲነካ ወደ እንፋሎት መቀየሩ አይቀርም፣ ደሴ ላይ እንዲያውም ትንሽ ይቀለዋል። ባለ ቦይለሩማ ውሃውን በግፊት ውስጥ ነው የሚያፈላው፣ ግፊቱ 3 ባር ሲሆን እንፋሎቱ 140 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ደሴም ኮምቦልቻም ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም።

"እሺ የኔው ለምን ያንጠባጥባል?" አንድ ነጥብ ላይ አድርጋችሁ እንፋሎት ስለምትጠይቁት! አንድ ነጥብ 110 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ለሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ለደረቅ መተኮስ። እዛ ላይ እንፋሎት ስትጫኑ ውሃው ሳይለወጥ ይፈሳል። አየሩ አይደለም፣ ብርዱም አይደለም። የሙቀት ቁልፉን ወደ ሁለት ወይ ሦስት ነጥብ አዙሩት፣ መብራቷ እስክትጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ ተጫኑ። አብሽሩ፣ ካውያችሁ ደህና ነው። እህቴም ካውያሽን አስመልሺ።

ይሄ ቪዲዮ አንድ ካውያ ከመሸጥ ካዳነ፣ ላይክ ይገባዋል። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኗት፣ ዋጋ ከእናንተ አይጠየቅም።

ዋት ላይ በፍጥነት እንሂድ። "2,400 ዋት ነው፣ ስለዚህ የባለሙያ ነው" የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ። ጠርሙስ ከሚሰቀልላቸው የሰፊ ካውያዎች ብዙዎቹ 1,000 ዋት አካባቢ ናቸው። አዎ፣ ከቤቱ ያነሰ! ክብደታቸው ግን ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። የቤቱ ቀጭን ሥር ቶሎ እንዲሞቅ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፣ የሰፊው ያጠራቀመውን ሙቀት ነው የሚጠቀም። ለመስመራችሁም ይሄ ጥሩ ነው። 2,400 ዋት በ220 ቮልት 11 አምፒር ገደማ ይስባል። ያን በቀጭን ማከፋፈያ ላይ ከስፌት መኪናና ከምጣድ ጋር ሰክታችሁ "ብሬከሩ ለምን ይወርዳል" አትበሉኝ። ማከፋፈያው ከሞቀ፣ ወዲያው ንቀሉ።

አሁን እጄን እዩልኝ። ይሄ የሱፍ ሱሪ ነው፣ ጎኑን አሁን ነው የሰፋሁት። መጀመሪያ የስፌቱን ሁለት ጠርዝ ግራና ቀኝ ሳልከፍት፣ እንደተሰፋ፣ ከላይ እጫናለሁ። እዩ፣ ካውያውን አልገፋውም፣ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ብገፋው ጨርቁ ይለጠጣል። አሁን በጣቴ ስፌቱን ከፈትኩት፣ ስስ የጥጥ ጨርቅ ከላይ አለበስኩት፣ አንዴ እንፋሎት... ፉሽ... ካውያውን አነሳሁ፣ ቶሎ ብዬ ይቺን እንጨት ጫንኩባት። ለስላሳ፣ ቀለም ያልተቀባች ደረቅ እንጨት ናት፣ አናጺ ከቁራጭ ያወጣላችኋል። እንጨቷ እርጥበቱን ትጠጣለች፣ ስፌቱም እንደተኛ ይቀዘቅዛል። እስኪቀዘቅዝ አታንሱት። እንፋሎቱ ጨርቁን ያለሳልሳል፣ ቅርጹ የሚጸናው ግን ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ነው። ፋብሪካው ያን የሚስብ ጠረጴዛ የገዛው ለዚህ ነው፣ እኛ በእንጨት እንሠራዋለን። ሱፍን ያለ ጨርቅ በቀጥታ ከተኮሳችሁት ደግሞ ያብለጨልጫል፣ በተለይ ጥቁሩ። ያ ብልጭታ የተደፈጠጠ ክር ነው። የ10 ሺህ ብር ካውያም አያድናችሁም።

ስለዚህ አልፎ አልፎ የምትሰፉ፣ ያላችሁን የቤት ካውያ ያዙ። እርጥብ ጨርቅና እንጨት ጨምሩበት፣ ይበቃል። የምትገዙ ከሆነ ከሥሩ ቀዳዳ ብዛት ይልቅ ክብደቱንና ጫፉን እዩ፣ ጫፉ ሹል ካልሆነ ኮሌታ ውስጥ አይገባም። በራሱ የሚጠፋውንም ጠይቁ። ብዙዎቹ ቆመው ከተተዉ በ8 ደቂቃ አካባቢ ይጠፋሉ፣ ለቤት ደህንነት ግሩም ነው፣ ለሰፊ ግን ያበሽቃል፣ እጅጌ ሰፍታችሁ ስትመለሱ ብረቱ በርዷል።

ሱቅ ከፍታችሁ ቀኑን ሙሉ የምትሰፉ፣ ጠርሙስ የሚሰቀልለትን ግዙ። የእኔ ምርጫ እሱ ነው፣ አልደብቅም። ሲበላሽ ቁልፉም ቱቦውም ለብቻው ይቀየራል። ባለ ቦይለሩን የምመክረው ሁለት ሦስት ሰው ቀጥሮ ሱፍና ኮት በብዛት ለሚያወጣ ነው። ግፊት ያለበት ዕቃ ነው፣ ቀልድ አያውቅም። ሳይቀዘቅዝና ግፊቱ ሳይወጣ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ፊቱን ይጠላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሰፊ ካውያ በአብዛኛው በራሱ አይጠፋም። መብራት ሄደ፣ "ዛሬማ አይመጣም" ብላችሁ ሱቁን ዘጋችሁ፣ ካውያው ተሰክቶ ቀረ። ሌሊት መብራቱ ይመጣል። ካውያውም ይነሳል፣ ከሥሩ ደግሞ የሰው ልብስ አለ። መብራት በሄደ ቁጥር ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሻይ ከመጠጣታችሁም በፊት።

ውሃ ላይ፣ ማንቆርቆሪያችሁ ሥር ነጭ ነገር የሚጋገር ከሆነ ካውያችሁም ውስጥ እየተጋገረ ነው። የሰፊው ካውያ ጠርሙስ ውስጥ ውሃውን የሚያጣሩ ፍሬዎች ይመጣሉ፣ ቀለማቸው ሲቀየር ጊዜያቸው አልፏል፣ ቀይሯቸው። የመኪና ባትሪ ውሃ አትጨምሩ፣ መመሪያቸው ላይ በግልጽ የሚከለክሉ አምራቾች አሉ። በስህተት አሲዱን ካመጣችሁማ ወሬው ሌላ ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ ሱቁ ውስጥ አሰኩት። አትፈሩ፣ ገንዘቡ የእናንተ ነው። ሦስት ነጥብ ላይ አድርጉት፣ መብራቷ ስትጠፋ ነጭ ጨርቅ ላይ ደጋግማችሁ እንፋሎት ልቀቁ። ቡናማ ጠብታ ከመጣ ውስጡ ዝጓል ወይ ተጋግሯል። ቱቦው መጋጠሚያ ላይ እጃችሁን ሳትነኩ በዓይን እዩ፣ ማንጠባጠብ የለበትም። ነጭ ጨርቅ ስትጠይቁት ጥቁር የሚያቀብላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ አመስግኑትና ወደ ቀጣዩ ሱቅ።

በሚቀጥለው የመተኮሻ ጠረጴዛ በራሳችን እንሠራለን፣ ጣውላና አሮጌ ብርድ ልብስ አዘጋጁ። ቻው!