ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከየትምህርት ቤቱ የመጣችሁ መምህራን፣ ውድ እንግዶቻችን፤ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። ቅዳሜያችሁን ሰውታችሁ አራት ኪሎ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዓመቱን ሥራና ሒሳብ ዋና ጸሐፊያችን ያቀርቡላችኋል። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ ቴርሞሜትር ነው።

ዘንድሮ ተማሪዎችን ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ከጋበዝንባቸው ቀናት በአንዱ፣ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ውሃ እያፈላች ነበር። ጋዋኑ ስለረዘመባት እጅጌውን ሁለት ጊዜ ጠቅልላዋለች። ውሃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ። ጠበቀች። ንቅንቅ የለም። ዞር አለችና "ቲቸር፣ ይሄ ተበላሽቷል፤ ሌላ ይስጡኝ" አለችኝ። ሌላ ሰጠኋት። እሱም 92። አጠገቧ ያለችው ጓደኛዋ ግን ገና ውሃው ሳይሞቅ ደብተሯ ላይ 100 ብላ ጽፋ ጨርሳለች። መጽሐፉ እንደዚያ ይላላ!

መልሱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ጊዜ ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያስተማረ ያውቀዋል። እንደምንም ዝም አልኩ። ተከራከሩ። በመጨረሻ አንዱ ልጅ "አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ይሆን እንዴ?" አለ። አዎ! ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። መጽሐፉም አልተሳሳተም፤ የ100 ዲግሪው ነገር የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ይሄኔ ያችው ልጅ "አያቴ እኮ አዋሽ ባቄላ ቶሎ ይበስላል ትላለች!" ብላ ጮኸች። አዋሽ ከእኛ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ውሃው የሚፈላው በበለጠ ሙቀት ነዋ! የዚያን ቀን ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ አልነበርንም። ትርኢት ነበር የምናሳያቸው። ጭስ፣ ቀለም፣ ድምፅ። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ አነሱ፣ ሄዱ። በኋላ ምን እንደተማሩ ስንጠይቃቸው ያስታወሱት ድምፁን ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ዕቃውን ከእጃችን አላወጣነውማ።

ሌላው ጠረጴዛ ላይ እንዶድ አስቀምጠን ነበር። ፍሬውን ወቅጠው፣ ውሃ ጨምረው ሲንጡት አረፋው ቱቦውን ሞላው። ሳፖኒን የሚባለው ውህድ ሥራ ነው። ከዚያ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ነገርናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ስንቱ ሰው ያንን ወንዝ አይቶ አልፏል። እሳቸው ግን ለምን ብለው ጠየቁ። ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ይህን ስንናገር ከኋላ አንድ ልጅ "እንዶድ እኮ እኛ አጥር ላይ አለ" አለ።

መምህራን፣ "ኬሚካል የለንም" የምትሉትን እሰማለሁ፤ እውነታችሁን ነው። ግን ቀይ ጥቅል ጎመን አትክልት ተራ አለ። ቀቅሉትና ውሃውን አጥልሉት። ሎሚ ሲጠብ ይቀላል፤ የመጋገሪያ ሶዳ ሲገባበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከሎሚ ጋር እንዳይቀላቅሉ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። የሚወጣው ክሎሪን መርዝ ነው። ልጅ የወደደውን ነገር ቤቱ ሄዶ መሞከሩ አይቀርም።

አባላት፣ ከእናንተ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ ቅዳሜ ነው። ለአምስት ልጅ አንድ ረዳት ካልቆመ፣ አራቱ ቆመው ያያሉ፣ አንዱ ይሠራል። የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ነው። ጎኑ ላይ ልጆቹ ራሳቸው የበጠበጡት የጎመን ውሃ በብርጭቆ ተደርድሯል፤ ሎሚም አለ። ከመፈረማችሁ በፊት ጠብ አድርጋችሁ እዩት።

በዚሁ ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።