ኖይዝ ያለበት ፎቶ ፎቶ ነው
በሰንዳፋ የፎቶ ኤግዚቢሽናችን መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ። የእቁባችን ዳኛ ጋሼ፣ በዚህ ዝናብ ስለመጡልን እግዜር ይስጥልኝ።

አጭር ንግግር አድርግ ተብዬ ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ። የመጣሁት ግን አንድ ነገር ለመናገር ነው። ሆዴ ውስጥ ይዤው ብዙ ቆይቻለሁ።

ሌንሷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሰባት ፎቶ አንሺዎች ሆነን እቁብ ጥለን የገዛናት፣ ሩቁን የምታቀርብ ያቺ ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር ዙም። አሮጌ ናት፣ ጠርዟ ተልጧል። አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ትመዝናለች። ሙሉ ጨዋታ ይዟት የቆመ ሰው ማታ እንጀራ ሲቆርስ እጁ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ «በዚህ ብር አዲስ ካሜራ አትገዙም ወይ?» ያላለን ሰው አልነበረም። እኛ የፈለግነው ቀዳዳዋን ነበር። ኤፍ 2.8። የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል። ርካሹ ዙም ስትስበው ቀዳዳው እየጠበበ ኤፍ 5.6 ላይ ይወርዳል። ይህቺ 200 ላይም 2.8 ናት። አራት እጥፍ ብርሃን ታስገባለች። የኛ ጨዋታ ደግሞ መቼ ነው የሚሞቀው? ፀሐይ ስትጠልቅ። ሯጮቻችንስ? ጎህ ሳይቀድ አስፋልቱ ላይ ናቸው።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። የታዳጊዎቹን የዋንጫ ጨዋታ ታስታውሳላችሁ። አስር ሰዓት ይጀመራል ተባለ። የቡድን ማልያ ጠፍቶ፣ ዳኛ ዘግይቶ፣ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ተጀመረ። አንድ ለአንድ አለቀ። ፍጹም ቅጣት ምት ሲደርስ ፀሐይዋ ጠልቃ የሩቁ ጎል መረብ አይታይም ነበር። እኔ ጎሉ ጎን ተንበርክኬያለሁ። ሌንሷ እጄ ላይ ናት፣ ከ2.8 በላይ የምትከፈትበት የለም። አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ 800 ላይ ነው። ለምን? ያስተማረኝ ሰው «ከ800 ካለፍክ ፎቶህ ይበላሻል» ስላለኝ። ኖይዝ፣ ያ አሸዋ የመሰለው ነጠብጣብ፣ ይበዛበታል ማለቱ ነው። እንደ ሃይማኖት ይዤው ነበር። ሹተሩ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን ለማስገባት የሚከፈትበት ጊዜ፣ 1/60 ሰከንድ ላይ ወረደ። ለሚንቀሳቀስ ሰው ቀርፋፋ ነው።

በረኛው የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ጓንት የለውም፣ የእናቱን የሹራብ ጓንት አጥልቋል። አምስተኛውን ምት በግራ እጁ ጣት ጫፍ አወጣው። ሜዳው ተገለበጠ! እኔ አርባ ጊዜ ተኩሻለሁ። ማታ ቤት ገብቼ ከፈትኩት። አርባውም ብዥ ብሏል። ልጁ የለም። ጭስ ነው ያለው፤ ከጭሱ ውስጥ አንድ ቀይ ጓንት።

በማግስቱ ልጁ ከእናቱ ጋር ሱቄ መጣ። እናቱ መቀነታቸውን ፈትተው ብር አወጡ። «ትልቁን አጥበህ ስጠን፣ ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ልጁ ስክሪኑን አየው፣ «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለኝ።

ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከ800 ወደ 1600፣ ወደ 3200፣ ወደ 6400። ሦስት ጊዜ በእጥፍ መጨመር ነው። 1/60 ሦስት ጊዜ በእጥፍ ሲፈጥን 1/500 አካባቢ ይደርሳል። በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ጨለማ፣ አንዲት ቁልፍ ባዞር ኖሮ የልጁ ፊት ይኖር ነበር። ስታቢላይዘሩም በርቶ ነበር። ስታቢላይዘር የኔን እጅ ነው የሚያረጋጋው፣ የልጁን አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ከ1/500 በታች ወርጄ ሩጫም ኳስም አንስቼ አላውቅም። ይጨልም፣ አይኤስኦው ይውጣ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። በሩ ላይ የተሰቀለችውን ፎቶ አይታችኋል። ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰንዳፋ አስፋልት ላይ ያነሳኋት ሯጭ ናት። 200 ላይ፣ 2.8፣ 1/500፣ አይኤስኦ 6400። ቅንድቧ ላይ ውርጭ የመሰለ ላብ አለ። የእጇ ክር ይታያል። ትንፋሿ ከአፏ ሲወጣ ይታያል። ይህቺን ፎቶ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ለፖስተር አዘዘኝና መለሰልኝ። «አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ንጹህ አምጣ» አሉኝ። በምትኩ እኩለ ቀን ላይ እጇን አጣጥፋ የቆመችበትን ለጠፉ። ሯጭ ናት እኮ! ሌሊት አስር ሰዓት ተነስታ በብርድ የምትሮጥ ልጅ ናት! ሥራዋን ትተው አቋቋሟን ለጠፉ!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ስንት ሰዓት ገባ? ሙቀቱን ሽሽት ውድድሩ ወደ ማታ ነው የተጀመረው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ቆመዋል። በባዶ እግሩ ማብቂያው፣ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ሲደርስ ጨልሟል። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ያን ምሽት ካሜራ የያዘ ሰው «ንጹህ አይወጣልኝም» ብሎ ቢያስቀምጠው ምን እናይ ነበር? የአበበ የትውልድ አገር ደግሞ ይሄው ደጃችን ያለው አስፋልት የሚወስደን ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። የኛን ልጆች በጨለማ ስለሮጡ ፎቶ አይገባቸውም የሚለኝን ሰው አልሰማውም! ኖይዝ ያለበት ፎቶ ፎቶ ነው። ብዥ ያለውን ግን ማንም አይመልሰውም።

የቀረውን ቶሎ ልበል። ፍላሽ በረኛ ዓይን ላይ አትተኩሱ፣ ልጅ ያስጎዳል። በኤልኢዲ መብራት የሚጫወቱት አዲሶቹ ትንንሽ ሜዳዎች ላይ አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለማ ቢወጣባችሁ ካሜራው አልተበላሸም። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንዱ አምፖል በሰከንድ መቶ ጊዜ ብልጭ ይላል። አንቲ ፍሊከር፣ ማለትም የመብራቱን ብልጭታ ጠብቆ የሚያነሳ ቅንብር፣ ያለው ካሜራ የያዛችሁ አብሩት። ሞኖፖድ፣ ባለ አንድ እግሩ የካሜራ መቆሚያ፣ ያለው ለሌለው ያውስ።

የቅዳሜው ጨዋታ አስር ሰዓት ነው ተብሏል፣ እናንተ ለአስራ ሁለት ተዘጋጁ። የሌንሷ ተራ የማን እንደሆነ ጋሼ ይነግሯችኋል። በረኛው ልጅ ዘንድሮም ይሰለፋል፤ ተራው የደረሰው ሰው በግራ በኩል ይቀመጥለት። ባለፈው ሳምንት ሁዷን፣ የሌንሷን የፊት መከለያ፣ ይዞ የሄደ ደግሞ ዛሬ ይመልስ፣ ዝናብ ነው።

አመሰግናለሁ።