«ጭሰኛ»፦ አንድ የእርሻ ቃል በድሮ ጋዜጦች ላይ

[ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል ብቻ፦ ጭሰኛ]

ቃሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ውስጡ ምን አለ? ጭስ አለ። ማለዳ እሳት ሲያያዝ ከሣር ክዳኑ እየሾለከ የሚወጣው የጎጆ ጭስ። ማረሻ ግን የለበትም። በሬም የለበትም። መሬትማ ጭራሽ የለም።

ቃሉ የሚነግረን ሰውየው በሌላ ሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ እሳት እንደሚያነድ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የሚውለው ሰው በሥራው አልተጠራም፣ በጭሱ ተጠራ። እኔን ሁሌም የሚከነክነኝ ይሄ ነው። «ጢሰኛ» ተብሎ ተጽፎ ብታገኙትም ያው ነው።

[ምስል፦ የቆየ ጋዜጣ ገጽ፣ ካሜራው አንዲት ፊደል ላይ ይጠጋል]

አሁን ከ1967 በፊት የወጣ ጋዜጣ ስታገላብጡ ከቃሉ ፊት ያለችውን ፊደል ፈልጉ። «የ»ን። ጭሰኛ ብቻውን መቆም ይከብደዋል። ወዲያው «የማን?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። የደጃዝማች እገሌ ጭሰኛ። የወይዘሮ እገሊት ጭሰኛ። «አራሽ» ብትሉ ግን ማንም የማን ነው ብሎ አይጠይቃችሁም። አራሽ ራሱን ችሎ ይቆማል።

ከ«የ»ዋ ኋላ ያለው ሒሳብ ደግሞ ከባድ ነው። እኩል አራሽ የሆነ ሰው 20 ኩንታል ቢያገባ 10ሩ ለባለመሬቱ ይሄዳል። ሲሶ ከሆነ ከሦስት አንዱ። ከምርቱ አንድ አሥረኛ የሚከፈለውን ግብር፣ አሥራቱንም፣ ብዙ ባለመሬት ጭሰኛው ላይ ይጥለው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ቃሉ ለሁሉም አንባቢ አንድ አልነበረም። አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 መታተም ሲጀምር ጎጃም ያለው አንባቢ ርስት፣ ከአያት ቅድመ አያት የሚወረስ የመሬት መብት፣ ያውቃል። ለእሱ ጭሰኛ ማለት በአገሩ ርስት የሌለው፣ ከሌላ የመጣ ሰው ነው። አርሲ ላለው አንባቢ ግን ጭሰኛ ጎረቤቱ ነው። ወይ ራሱ ነው። ያው ጋዜጣ፣ ያው ቃል።

[ምስል፦ መፈክር የያዙ ተማሪዎች]

የካቲት 1957። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። መፈክሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ መሬት ላራሹ!

ለምን «መሬት ለጭሰኛው» አላሉም? ለአፍ ስለማይመች ብቻ አይመስለኝም። ጭሰኛ ካላችሁ ባለመሬቱን አብራችሁ ጠራችሁት፣ የሰው መሬት ላይ ነው ያለው ብላችሁ አመናችሁ። አራሽ ስትሉ ግን የቀረው ሰውየውና መሬቱ ነው፣ ሦስተኛ ሰው የለም። አንድ ቃል በመቀየር ብቻ ክርክሩን ገና ሳይጀመር ረቱ። ከዚያ በኋላ ስለ መሬት የተጻፈ ነገር ስታነቡ ጸሐፊው ከሁለቱ የትኛውን እንደመረጠ እዩ። የቆመበትን ቦታ ከዚያ ታውቁታላችሁ።

በ1960ዎቹ አርሲ ጭላሎ ውስጥ ካዱ የተባለ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አመጣ። መሬቱ ዋጋ አወጣ። ባለመሬቶች ትራክተር አስገቡና ብዙ ጭሰኛ ተነቀለ። ያኔ ጭሱም ጠፋ።

[ምስል፦ የአዋጅ ገጽ]

የካቲት 25 ቀን 1967፣ አዋጅ ቁጥር 31። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቀድም ተባለ። የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ቀረ። ከዚህ ቀን በኋላ ቃሉ ከ«ነበር» ጋር ተጣበቀ፤ በዜና ቦታውን የያዘው «የገበሬ ማኅበር» ነው። ጭሰኛ የሚመጣው ያለፈውን ሥርዓት ለመክሰስ ነው።

ሞተ ሲባል ግን ቃሉ ተመለሰ። ከ1985 የፕሬስ አዋጅ በኋላ የግል ጋዜጦች በዙ፣ የመሬት ጉዳይም እንደገና አከራካሪ ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ሲል፣ ተቺዎቹ ገበሬውን እንዲህ ብለው ጠሩት፦

[ስክሪኑ ላይ፦ የመንግሥት ጭሰኛ]

ደጃዝማቹ የለም፣ ወይዘሮዋም የለችም። «የ»ዋ ግን እዚያው ቦታዋ ላይ ናት።